የከተማ ዳር አዳራሾች

ከአዲስ አበባ መውጫ በሮች ሦስቱን የማያውቅ የለም። የጅማው መንገድ በአየር ጤናና በዓለም ገና አድርጎ ሰበታ ያደርሳል። የአምቦው በአስኮ ወጥቶ ቡራዩን ለሁለት ይሰነጥቃል። የጎጃሙ ደግሞ ከአዲሱ ገበያ ሽቅብ ወጥቶ እንጦጦን ሲሻገር ሱሉልታ ሜዳ ላይ ይጥላል። የኦሮሚያ ክልል በ2015 ዓ.ም. በዋና ከተማዋ ዙሪያ ያሉትን ከተሞች ሰብስቦ ሸገር ከተማ ካላቸው ወዲህ ሦስቱም በወረቀት የአንድ ከተማ ክፍሎች ናቸው። የታክሲ ረዳቱ ግን አሁንም የሚጣራው «ሰበታ! ሰበታ!» እያለ ነው፤ «ሸገር» ብሎ ሲጣራ ሰምቼ አላውቅም።

ሌላም የሚያዛምዳቸው ነገር አለ፤ ሦስቱም የውሃ ከተሞች ናቸው። ሰበታ የተቀመጠችው በወጨጫ ተራራ ግርጌ ነው፤ የሜታ ቢራ ማስታወቂያም የምንጭ ውሃዋን ሲያሞግስ ኖሯል። ከቡራዩ ጫፍ ገፈርሳ አለ፤ የአዲስ አበባን ስንት ትውልድ ያጠጣ ግድብ። የሱሉልታ ምንጭ ደግሞ በፕላስቲክ ጠርሙስ ታሽጎ በየሱቁ ይሸጣል። እሑድ እሑድ ወደነዚህ ከተሞች ሲያመላልሰኝ የከረመው ጉዳይም ከውሃ አይርቅም። የባፕቲስቶች ታሪክ ነው፤ ይልቁንም ስማቸው ባፕቲስት ይሁንም አይሁን፣ እንደ ባፕቲስት የሚያጠምቁና የሚተዳደሩ ትናንሽ ጉባኤዎች ታሪክ።

ባፕቲስት የሚባሉት ክርስቲያኖች መነሻቸው እንግሊዝ ነው። በ1609 እ.ኤ.አ. ጆን ስሚዝ የተባለ ሰባኪ አምስተርዳም ላይ ከጥቂት ስደተኞች ጋር ሆኖ፣ ጥምቀት ለሕፃን ሳይሆን አምኖ ለሚመሰክር ሰው ነው ሲል ማኅበሩን እንደ አዲስ አቆመ። ከባልንጀሮቹ አንዱ ቶማስ ሄልዊስ በ1612 ለንደን ተመልሶ የንጉሥ ሥልጣን እስከ ሰው ኅሊና አይደርስም የሚል መጽሐፍ አወጣ፤ ኒውጌት እስር ቤት አስገቡትና እዚያው ሞተ። ትምህርታቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ ሰው በገዛ አፉ መስክሮ ውሃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይጠልቃል፤ እያንዳንዱ ጉባኤ ራሱን በራሱ ያስተዳድራል፤ መንግሥት በሃይማኖት እጁን አያስገባም።

እንደ እኔ በኦርቶዶክስ ቤት ላደገ ሰው የመጀመሪያው ነጥብ እንግዳ ነው። እኛ ዘንድ ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን ክርስትና ይነሳሉ፤ ሕፃኑ ሲያለቅስ የክርስትና አባቱ ስለ እሱ ቃል ይገባል። እነሱ ዘንድ ለሌላው ቃል የሚገባ የለም። ለዚህ ነው «የጥምቀት ትምህርት» የሚባል ለወራት የሚቆይ ኮርስ ያላቸው፤ ተምሮ የጨረሰው በሽማግሌዎች ፊት ቀርቦ ይጠየቃል። ወላጆቹ አማኞች ስለሆኑ ብቻ የሚያልፍ ልጅ የለም።

ቡራዩ ወርዶ «ባፕቲስት ቸርች የቱ ጋ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቶሎ መልስ አያገኝም። ባለሱቁ «የጴንጤ ነው?» ይላል መጀመሪያ፤ ከዚያ እጁን ዘርግቶ በአካባቢው ያለውን ቅርብ የቆርቆሮ አዳራሽ ያሳያል። በባለሱቁ አልፈርድም። ባፕቲስት የሚለው ስም በአገራችን ጠባብ ቦታ ቢኖረውም ሥርዓቱ ግን ሰፊ ነው። ቃለ ሕይወትም፣ ሙሉ ወንጌልም፣ መሠረተ ክርስቶስም አማኙን ውሃ ውስጥ አጥልቀው ያጠምቃሉ፤ ከትልልቆቹ ሕፃን የምታጠምቀው መካነ ኢየሱስ ናት። የቃለ ሕይወት መሥራች የሆነው የሱዳን የውስጥ አገር ሚሲዮን በ1920 ዓ.ም. መጥቶ ወደ ደቡብ ሲወርድ ያስተማረው ይህንኑ ነበር። ኢጣሊያ ሚሲዮናውያኑን ከወላይታ ስታስወጣ፣ በ1929 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ የተጠመቁት ሃምሳ አይሞሉም ነበር። ከነጻነት በኋላ ፈረንጆቹ ተመልሰው ሲመጡ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ምእመን ጠበቃቸው። አጥማቂዎቹ የአገሩ ሰዎች ነበሩ፤ የገዛ ወንዛቸው በቂያቸው ነበር።

ባፕቲስት የሚለውን ስምና አገራችንን ቀድማ ያገናኘችው ግን ኒውዮርክ ናት። በ1808 እ.ኤ.አ. በዚያች ከተማ የነበረች አንዲት ባፕቲስት ቤተክርስቲያን ጥቁሮችን ለብቻ ታስቀምጥ ነበር። ሲወርድ ሲዋረድ በመጣው ታሪክ መሠረት ጥቁር አሜሪካውያንና ከኢትዮጵያ የመጡ ነጋዴዎች «እዚያ አንቀመጥም» ብለው ወጡና የራሳቸውን አቋቋሙ፤ ስሟንም አቢሲኒያን ባፕቲስት ቸርች አሏት። ዛሬም ሃርለም ውስጥ ከታወቁት አብያተ ክርስቲያናት አንዷ ናት። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1946 ዓ.ም. አሜሪካን ሲጎበኙ እዚያ ተገኝተው የኢትዮጵያ መስቀል ሰጥተዋል። በ2000 ዓ.ም. መባቻ፣ ሚሊኒየሙን ስናከብር፣ ከዚያች ቤተክርስቲያን ከ150 የሚበልጡ ሰዎች በመጋቢያቸው በካልቪን በትስ ተመርተው አዲስ አበባ መጥተው ነበር። ነጋዴዎቹ እነማን እንደነበሩ፣ ከየት ወደብ እንደተሳፈሩ፣ ስማቸው ምን እንደነበር የሚነግር የለም። ስለ መሥራቾች ስም ነገር ኋላ እመለስበታለሁ።

ባፕቲስት በስሙ ወደ አገር ቤት የገባበት አንዱ በር ደግሞ የማይገመት ነው፤ መንዝ። ከአሜሪካ ደቡብ ግዛቶች የመጡት ባፕቲስት ሚሲዮናውያን በ1967 እ.ኤ.አ. ወደ ሰሜን ሸዋ ደጋ ሲወጡ ያገኙት አገር ባና የሚለብስ፣ ገብስ የሚያርስ፣ ከአጥንቱ ኦርቶዶክስ የሆነ አገር ነበር። በዚያ ላይ ሕግ ነበረባቸው። በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮኖች ደንብ አገሪቱን «ክፍት» እና «የኢትዮጵያ ቤተክርስቲያን ክልል» ብሎ ከፍሎ ነበር፤ በሁለተኛው ውስጥ ሐኪም ቤትና ትምህርት ቤት መክፈት እንጂ ምእመን ማስኮብለል አይፈቀድም። ስለዚህ መንዝ የገቡት በክሊኒክ፣ በእንስሳት ሕክምና፣ በሱፍና በእጅ ሥራ ነው። አብዮቱ ሲፋፋም አብዛኞቹ ወጡ። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ ግን ስንዴና ዱቄት ይዘው ወደ መንዝና ግሼ ተመለሱ። የኢትዮጵያ አዲስ ኪዳን ባፕቲስት ቤተክርስቲያን የምትባለው የዚያ ሥራ ፍሬ ናት።

ስለዚህ ታሪክ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ሳነብ አንድ ነገር ይከነክነኛል። የሐኪሙ ስም አለ፣ የሚስቱ ስም አለ፣ የመኪናው ዓይነት ሳይቀር አለ። ቤቷን ለመጀመሪያው ጸሎት የከፈተችው ባልቴት ግን «አንዲት የመንደሩ ሴት» ተብላ ታልፋለች። ሚሲዮናውያኑን ለመውቀስ አይደለም፤ እነሱ ላኪዎቻቸው ዘንድ ሪፖርት ማድረግ ነበረባቸው፤ የራሳቸውን ጻፉ። የእኛን ማን መጻፍ ነበረበት?

ሰበታ ለመድረስ ከዓለም ገና በኋላ መንገዱ የፋብሪካ አጥርና የጭነት መኪና ይበዛበታል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጅቡቲ ባቡር ሐዲድ መነሻው እዚሁ ነው። በሌላ በኩል የሴቶች ገዳምና የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ያላት የቆየች ከተማ ናት፤ ፋብሪካው የበዛው በኋላ ነው። እኔ የገባሁባት አዳራሽ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ፣ ግማሽ ድረስ ብሎኬት፣ ከዚያ ወዲያ ቆርቆሮ ናት። ጠዋት በአማርኛ፣ ከሰዓት በኦሮምኛ ይሰበሰባሉ። ከፊት ወንበር አንዲት ወጣት ዓይነ ስውር ተቀምጣ ነበር፤ ወፍራም የብሬል ወረቀት ጭኗ ላይ ዘርግታ መዝሙሩን በጣቷ እየተከተለች ትዘምራለች። ቀና ብዬ ሳዳምጥ ሌላው ሁሉ ሁለተኛውን አዝማች ረስቶ ሲያጉተመትም እሷ ብቻ አልተሳሳተችም። ከጉባኤው በኋላ ብሬሉን ማን እንዳዘጋጀው ጠየቅኳት። «እኔው ነኝ፤ እህቴ ታነብልኛለች፣ እኔ እወጋለሁ» አለችኝ። ሰበታ ላይ የሚጠመቀው ቢራ ብቻ እንዳልሆነ የነገረችኝም እሷው ናት፤ እየሳቀች።

የዚያች አዳራሽ ሽማግሌ ጡረታ የወጡ የፋብሪካ ሠራተኛ ናቸው። «ጋሼ፣ ቤተክርስቲያኗ መቼ ተመሠረተች?» ብላቸው «የትኛዋ ልጄ? የመጀመሪያዋ ቤት ናት ወይስ ይቺ አዳራሽ?» ሲሉ መለሱልኝ። በእነዚህ ከተሞች ደጋግሜ የሰማሁት መልስ ይህ ነው። አንዲት ጉባኤ አንድ የልደት ቀን የላትም። በቤት የተጀመረችበት ቀን አለ፤ የመጀመሪያዎቹ የተጠመቁበት አለ፤ የኪራይ አዳራሽ የተገኘበት፣ ከኪራዩ የተባረሩበት፣ ቦታ የተሰጠበት፣ ካርታ የወጣበት አለ። አንዳንዱ ከተባረሩበት ቀን ይጀምራል፤ የሚታወሰው እሱ ነዋ።

በቤት የመጀመሩ ነገር ከደርግ ዘመን የተወረሰ ልማድ ነው ማለት ይቻላል። እርግጥ ችግሩ ከደርግ ይቀድማል፤ ሙሉ ወንጌል በ1959 ዓ.ም. ልመዝገብ ብላ ተከልክላለች፤ በነሐሴ 1964 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ለአምልኮ ከተሰበሰቡት ወደ 250 የሚሆኑት ታፍሰው ታስረዋል። ደርግ ያንን አባሰው። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ከአምልኮ ሲወጡ ተጠልፈው ተገደሉ፤ አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ባለቤታቸው ፀሐይ ቶሎሳ አሥር ዓመት ታሰሩ።

ለባፕቲስቶች በትምህርት የቅርብ ዘመድ የሆነችውን የመሠረተ ክርስቶስን ታሪክ ግን ጠለቅ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ የከተማ ዳር ጉባኤዎች አሠራር ከእሷ ብዙ ወስዷልና። ሜኖናውያን የሚባሉት ሚሲዮናውያን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት እርዳታ ይዘው መጡ፤ ናዝሬት ላይ ሆስፒታል ከፈቱ። የመጀመሪያዎቹ አሥር ሰዎች በሰኔ 1943 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተጠመቁ። በጥር 1974 ዓ.ም. መንግሥት ቤተክርስቲያኒቱን ዘጋ፤ ንብረቷን ወረሰ፤ መሪዎቿንም ከአራት ዓመት በላይ አሰረ። አባላቷ በዚያ ጊዜ 5 ሺህ ያህል ነበሩ። የቀሩት አምስትም ሰባትም እየሆኑ በየቤቱ መሰብሰብ ጀመሩ። ቡና ተፈልቶ፣ በር ተዘግቶ፣ መዝሙር በሹክሹክታ። ሰርግ ሲኖር፣ ለቅሶ ሲኖር፣ የልጅ ልደት ሲኖር፣ ሰብሰብ ማለት ስለማያስጠረጥር አጋጣሚው አይታለፍም። ቤት ያላት ሴት ናትና ብዙውን ኅብረት የመሩት ሴቶች ነበሩ። በ1983 ዓ.ም. በሩ ሲከፈት ቢቆጠሩ 34 ሺህ ገደማ ሆነው ተገኙ። ዛሬ በዓለም ሜኖናውያን ኅብረት ውስጥ እሷን የሚያህል ብሔራዊ ቤተክርስቲያን የለም።

እንዲህ ያለ ቁጥር ሲነገር ሰባኪዎች ወዲያው «ስደት ያበዛል» ይላሉ። እኔ ነገሩን እንዲያ ማቅለል አይዋጥልኝም፤ አዳራሻቸው ሲዘጋ እንደወጡ የቀሩ፣ በእስር ጤናቸውን ያጡም አሉና። ያበዛቸው አደረጃጀቱ ነው ባይ ነኝ። ሰባት ሰው የያዘች ቤት ሰባኪ፣ ወንበር፣ ሞንታርቦ አያስፈልጋትም፤ አስተናጋጅና አንባቢ ይበቃታል። ስምንተኛው፣ ዘጠነኛው ሲመጣ ለሁለት ትከፈላለች። ነጻነት ከመጣ በኋላ ወደ ከተማ ዳር የወጣው ምእመን ያንን ያውቅ ነበርና ቡራዩም ሰበታም እንደደረሰ የሠራው እሱኑ ነው።

የከተማ ዳር ሕዝብ እንዴት እንደተሰበሰበ መቼም የታወቀ ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ሰበታና ቡራዩ እያንዳንዳቸው ወደ 49 ሺህ ሰው ነበራቸው፤ ከዚያ ወዲህ ያደጉትን ያየ ያውቀዋል። የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ የገፋው፣ ከወላይታና ከሀዲያ፣ ከጋሞና ከወለጋ፣ ከሰሜን ሸዋም ሥራ ፍለጋ የመጣው ሁሉ እዚያ አረፈ። ሃይማኖቱንም ይዞ ነው የመጣው። በአገር ደረጃ ፕሮቴስታንቱ በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ 10 በመቶ ገደማ ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. ከ18 በመቶ በላይ ሆኗል። የእነዚህ ከተሞች ዳርቻ የዚያ እድገት አንዱ ማረፊያ ነው።

ቡራዩ ላይ ከሁሉ ቀድሞ ጆሮ የሚገባው የሽመና ድምፅ ነው፤ ወይም ነበር። አሸዋ ሜዳ አካባቢ ብዙ የጋሞ ሸማኔ ይኖራል። አንዲት ጉባኤ ለዓመታት የተሰበሰበችው በአንድ ሸማኔ ግቢ እንደነበር አረጋዊው ባለቤት ነገሩኝ፤ እሑድ ሲሆን የሽመናውን ዕቃ ወደ ግድግዳው ያስጠጉና አግዳሚ ወንበር ይደረድራሉ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ቡራዩና አካባቢው ላይ በደረሰው ጥቃት በአሥሮች የሚቆጠሩ ሰዎች ተገደሉ፤ ብዙ የጋሞና የዶርዜ ቤተሰብ ቤቱን ጥሎ አዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ተጠለለ። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ለበቀል በወጣው ወጣት ፊት የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር ይዘው ተንበረከኩ፤ ወጣቱም ሳሩን ሊረግጥ አልደፈረም፤ ተመለሰ። አረጋዊው ሸማኔ ስለዚያ ሰሞን ብዙ መናገር አልፈለጉም። «የጉባኤው መዝገብ አብሮ ጠፋ» ብቻ አሉኝ። መዝገቡ ብርድ ልብስ ባለበት ሳጥን ውስጥ ነበር፤ ሳጥኑ ተወሰደ። የተጠማቂዎቹ ስም፣ ቀኑ፣ ማን እንዳጠመቃቸው፣ ሁሉም እዚያ ነበር።

መሬት ሌላው ዋና ጉዳይ ነው። ጨረቃ ቤት የሚያውቅ ሁሉ ጨረቃ አዳራሽም እንዳለ ይገምታል። ሸራ ይወጠራል፣ ከዚያ ባሕር ዛፍ ይቆማል፣ ከዚያ ቆርቆሮ ይመታል፤ ካርታው አሥር ዓመት ቆይቶ ይመጣል ወይም ሳይመጣ ይቀራል። ሸገር ከተማ ከተዋቀረ በኋላ ሕገ ወጥ ግንባታ ተብለው ከፈረሱት ብዙ ቤቶች ጋር መስጊዶችም ስለፈረሱ በ2015 ዓ.ም. የተነሳው ቁጣ ይታወሳል። የአምልኮ ቦታ ጥያቄ የአንድ ሃይማኖት ጥያቄ እንዳልሆነ ከዚያ በላይ ማስረጃ የለም። ለትናንሾቹ ጉባኤዎች ከአዳራሹም የሚብሰው መቃብር ነው። አዳራሽ ቢጠፋ ሳሎን አለ፤ ሬሳ ግን አያድርም። አንድ መጋቢ እንዳጫወቱኝ፣ ቦታ ስጡን ሲሉ ያስገቡት ማመልከቻ ላይ መጀመሪያ የጻፉት «የመካነ መቃብር» የሚለውን ነው፤ የአምልኮውን ሁለተኛ አድርገው።

ቃለ ጉባኤያቸውን ሲያሳዩኝ በጣም የገረመኝ ጉባኤው እድር መምሰሉ ነው። ሊቀመንበር፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ቁጥጥር። አጀንዳ ይያዛል፣ እጅ ይወጣል፣ በአብላጫ ድምፅ ይወሰናል፣ ያልተስማማው «ሐሳቤ ይመዝገብልኝ» ይላል። ባፕቲስቶች «ጉባኤው ራሱን ያስተዳድር» የሚሉትን ትምህርት የእኛ ሰዎች ከሄልዊስ ይልቅ ከእድር የወረሱት ይመስለኛል። እድሩ ደግሞ በአንድ ወቅት «መጤ ሃይማኖት» ብሎ ያስወጣቸው ነበር፤ እነሱም ወጥተው ያንኑ እድር ሠሩ። ይህ አሠራር ጉድለትም አለበት። ድምፅ ሲከፋፈል ጉባኤው ይከፈላል፤ ተሸናፊው ወገን ሞንታርቦውን ወይም ኪቦርዱን ይዞ ይወጣና ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ አዲስ ስም ይለጥፋል። በአንድ ሰፈር አራት አዳራሽ አይቶ «ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል?» ለሚለው ጎረቤት መልስ የላቸውም። ሌሊቱን ሙሉ ድምፅ ማጉያ የሚያስጮኹትንም እኔ አልከላከልላቸውም፤ ሰው መተኛት አለበት።

ሱሉልታን ቶሎ ልለፋት፤ ታሪኳ ገና አጭር ነው። ሜዳው ላይ ጠዋት የሚታዩት ሯጮች ናቸው፤ ቀነኒሳ በቀለ የሠራው የመሮጫ ሜዳም እዚያው ነው። የጥምቀት ሥነ ሥርዓት ያየሁት ግን እዚህ ነው። ወንዝ የለም፣ የተገነባ ገንዳም የለም። ትልቅ ጥቁር ሮቶ ወገቡ ላይ ተቆርጦ፣ ጠርዙ እንዳይቧጭር በአሮጌ የመኪና ጎማ ላስቲክ ተጠምጥሞ፣ ከአዳራሹ ጀርባ ተቀምጧል። ሌሊት ውርጭ ስለነበረ በሁለት በርሜል የፈላ ውሃ ጨመሩበት፤ ለውጥ አላመጣም። ተጠማቂዎቹ ተሰልፈው ቆሙ፤ አንዲት እናት ሹሩባዋ እንዳይበላሽ ፌስታል አጥልቃ በሻሽ አሰረችበት። መጋቢው «ኢየሱስ ክርስቶስ ጌታሽ ነው?» ብለው ሲጠይቋት ጥርሷ ይንቀጫቀጭ ስለነበር «አዎ» ያለችው ሁለት ጊዜ ነው፤ የመጀመሪያው አልተሰማም። ገብታ ስትወጣ ልጇ ጋቢ ይዞ ጠበቃት። ከዚያ ጸሐፊው ሰማያዊ ደብተር ላይ ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ ቀኑን ጻፈ። ሲያበቃ አስፈረማት፤ እጇ እርጥብ ስለነበር ቀለሙ ተዘርግቷል።

ያንን ደብተር ተውሼ አገላበጥኩት። የመጀመሪያዎቹ ገጾች በእርሳስ የተጻፉ ናቸው፤ አንዳንዱ ስም ጠፍቷል። ከመካከሉ አንድ ቅጠል ተቀዷል፤ ምን ነበረበት ብል ጸሐፊው «ከእኔ በፊት ነው ጋሼ» አለ። ሽፋኑ ውስጥ የቆርቆሮና የምስማር ሒሳብ ተሰልቷል። ጉባኤዋ ስለ ራሷ ያላት ታሪክ ይኸው ነው፤ አንድ ደብተር፣ አንድ ቅጂ፣ በአንድ ሰው ቤት።

በ2012 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ለወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ካውንስል በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት ሰጥቷል። ትልልቆቹ ቤተ እምነቶችም ታሪካቸውን በመጽሐፍ አሳትመዋል፤ ኮሌጆቻቸው የመመረቂያ ጽሑፍ ያጽፋሉ። የሚጠፋው የትንንሾቹ ነው። በኒውዮርክ ያሉት ነጋዴዎች ስማቸው ሳይጻፍ እንደቀረ ሁሉ፣ ቡራዩ ላይ ዕቃቸውን ወደ ግድግዳ እያስጠጉ ቦታ የሰጡት ሸማኔም፣ በደርግ ዘመን በየቤታቸው በሹክሹክታ ያዘመሩት እናቶችም በአንድ ትውልድ ውስጥ «አንዲት የመንደሩ ሴት» ይሆናሉ።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ የአጥቢያ ጸሐፊዎች ካላችሁ፦ ደብተሩን ዛሬውኑ በስልካችሁ ገጽ በገጽ ፎቶ አንሱት። በእርሳስ የተጻፈውን ሳይጠፋ በቀለም ገልብጡት። የመጀመሪያዋ ቤት የማን እንደነበረች፣ ከየት እንደመጡ፣ በምን ሥራ እንደሚተዳደሩ ሽማግሌዎቹን ጠይቃችሁ ድምፃቸውን ቅዱ፤ ሲጣሉ የተከፈሉበትንም ምክንያት ሳትሸፋፍኑ ጻፉት። አንድ ቅጂ ከአዳራሹ ውጭ፣ ሌላ ሰው ዘንድ አኑሩ። ሌላውን ወደ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ወደ ወመዘክር ይዛችሁ ሂዱ፤ የተከፈተው የሚሲዮኖቹ ደንብ በወጣበት በ1936 ዓ.ም. ነው፤ የነገሥታትን ብቻ ሳይሆን የናንተንም ደብተር የማኖር ሥራ የእሱ ነው።